የእንግሊዝኛ ድርሰት በእኛ ክፍል፦ ከሽምደዳ እስከ ቆጠራ

«ማይ ስኩል ኢዝ ቬሪ ቢግ። ኢት ሃዝ ሜኒ ትሪስ።»

በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸውን አያጣቸውም። እኔም በልጅነቴ በቃሌ ይዤ ጽፌአቸዋለሁ፤ አድጌ መምህር በሆንኩ ጊዜም በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫቸዋለሁ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ትልቅ አልነበረም፤ ያስተማርኩበትም እንዲሁ። በግቢው የነበሩት ሦስት ባሕር ዛፎች ሲሆኑ ከእነርሱም አንዱ ለመጸዳጃ ቤት ጣሪያ ተቆርጦ ነበር። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ትልቅ፣ ዛፉም በየዓመቱ ብዙ ነበር። ልጆቹ እንዲዋሹ ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ ለውሸቱም ከአሥር ስምንትና ዘጠኝ እንሰጥ ነበር።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ሕፃናትን አስበው፣ አሰናድተው፣ በራሳቸው ቃል አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፉ ማስተማር ስለምን ተሳነን? ጥያቄው ለእኔ የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የኅሊና ዕዳም አለበት። ስለዚህ ከዕዳው ልጀምር።

በ1989 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከስልሳ ስምንቱ ተማሪዎቼ አንዱ በዕድሜው ከሌሎቹ አራት አምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባና ክፍል እየዘለለ እኛ ዘንድ የደረሰ ልጅ ነበር። እንደ ልማዴ ሰኞ ዕለት ስለ ላም የሚናገር ስምንት ዓረፍተ ነገር ያለው ድርሰት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ዓርብ ዕለት ደብተር አስዘግቼ «ስለ ቤት እንስሳ ጻፉ» አልኩ። ስልሳ ሰባቱ የእኔኑ ላም መለሱልኝ። ላም ኖሯቸው የማያውቁት የከተማ ልጆች እንኳ ያችኑ ቀይ ላም፣ ከነአራት እግሯና ከነረጅም ጅራቷ፣ አስረከቡኝ።

ያ ልጅ ግን ስለ ውሻ ጻፈ። አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ውሻ እንደማይወደው፣ እንጀራ ሲለምን ውሻ እንደመጣበት፣ አሁን ግን በትር እንደያዘና ውሻው እንደሚፈራው ይናገራል። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፤ ግሱን ሁሉ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል፦ «ዶግ ሚ ኖት ላይክ»፣ «አይ ስቲክ ሆልድ» እያለ። በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩበትና ከአሥር ሁለት ሰጠሁት።

በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «የኔታ... ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ቤት ቆጠራ የለም እንዴ?» አለኝ። እኔም ፈጥኜ፣ «ቆጠራ ያለው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው» ብዬ መለስኩለት። አብረውኝ የነበሩት መምህራን ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ እጅ ነሥቶ ሄደ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ቆጠራ ያለው ምን ማለቱ እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። የሚያሳፍረኝም ይኸው ማወቄ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። እኛ «የእንግሊዞች ሥርዓት» ብለን የተቀበልነው ነገር በእንግሊዝ አገርም ከጥንት የኖረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1862 በሥራ ላይ የዋለውና ከሮበርት ሎው ስም ጋር የሚነሣው ደንብ፣ ለድሃው ልጅ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ ልጆቹ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ በሚያመጡት ውጤት እንዲመዘን አዘዘ። በዚያ ደንብ «ጽሕፈት» ማለት መገልበጥና ሲነበብ ሰምቶ መጻፍ ነበር፤ የራስን ሐሳብ ማስፈር አልነበረም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ደንቡ ሲሻሻል ነው ለላይኛዎቹ ክፍሎች አጭር ድርሰት ወይም ደብዳቤ መጻፍ የተጨመረው። ተቆጣጣሪው በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፤ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በዚያ ቀን ይወሰናል። እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? ልጆቹን በቃል ያስጠናቸዋል። ራሱ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የነበረው ባለቅኔው ማቲው አርኖልድ ይህን ደንብ አጥብቆ ነቅፏል። ሽምደዳ የእኛ ብቻ ደዌ አለመሆኑን ያየሁት ይህን ባነበብኩ ጊዜ ነው፤ እንጀራ በፈተና ላይ በተንጠለጠለበት አገር ሁሉ የሚበቅል አረም ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ አሌክሳንደር ቤይን የተባለው የስኮትላንድ ምሁር ስለ እንግሊዝኛ ድርሰት ባሳተመው መጽሐፍ የአንቀጽን ሕግ ደነገገ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን ያመልክት፤ የሚከተሉትም ከእርሱ አይውጡ፤ እርስ በርሳቸውም ይያያዙ የሚል ነው። እስከ ዛሬ በክፍላችን «ቶፒክ ሴንተንስ» እያልን የምናስተምረው ከዚያ ምንጭ የተቀዳ ነው። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን የተጠናቀቀ አንቀጽ ምን እንደሚመስል ይነግራል እንጂ፣ ባዶ ወረቀት ፊቱ የተዘረጋለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከየት እንደሚጀምር አይነግርም። ቤቱን ያሳያል፤ ጭቃውን እንዴት እንደሚያቦኩት አያሳይም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግብጻውያን መምህራን የነበሩበት ሲሆን ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ እንግሊዝኛ ነበር። በ1925 የተመረቀው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ሆኖም እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የዘመናዊው ትምህርት ዋና የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። ጠላትን ለማስወጣት ከአርበኞቻችን ጋር የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ነበረና መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ አማካሪውም በአብዛኛው ከዚያው ወገን መጣ። በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ተማሪዎቹ ይዘጋጁ የነበረው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው። የአንደኛ ደረጃውም ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በኋላ ሒሳቡንም መልክዐ ምድሩንም በእንግሊዝኛ ይማር ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ፤ እንግሊዝኛን ቀኑን ሙሉ ይሰሙ ነበር፤ የሚጽፉትንም የሚያርምላቸው ሰው ነበረ። ዛሬ «የድሮ አራተኛ ክፍል» እያልን የምናደንቃቸው አዛውንት የዚያ ዕድል ልጆች ናቸው።

በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ውሳኔው ለብዙ ሕፃናት የዕውቀትን በር ከፍቷል፤ አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነው ልጅ ግን ሌላ በር እንደዘጋ መርሳት አይገባም። እንግሊዝኛ በበኩሉ የሚጠቀሙበት ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የሚያጠኑት ትምህርት ሆነ። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በመቶዎች እየመጡ በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል፤ ሆኖም የሚበዙት የተመደቡት ከአንደኛ ደረጃ በላይ ባሉት ክፍሎች ነበር።

በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነገሠው የቋንቋ ትምህርት ዘዴ ስሕተትን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚፈራ ነበር። ልጁ እንዳይሳሳት ዓረፍተ ነገሩ በሠንጠረዥ ተሰናድቶ ይሰጠዋል፤ ከግራው ዓምድ አንድ ቃል፣ ከመካከለኛው አንድ፣ ከቀኙ አንድ እየመረጠ ይደረድራል። ወይም ባዶ ቦታ ይሞላል። «የተመራ ድርሰት» ይባል ነበር። ከኋላው በደርግ ዘመን በታተሙት «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» በተባሉት መጻሕፍት የተማርን ሁሉ ባዶ ቦታ መሙላቱን እናስታውሰዋለን። ዘዴው ለጀማሪ ጥቅም የለውም አልልም፤ በምርኩዝ መሄድም መሄድ ነው። ችግሩ ምርኩዙን የሚያስጥል ክፍል አለመኖሩ ነው። ለምን ቢሉ የሚኒስትሪው ፈተና ምርጫ ነበራ! ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ የሚያከብበውን ልጅ፣ ከቶ ማንም የማይጠይቀውን ድርሰት ጻፍ ማለት ለመምህሩም ለወላጁም የጊዜ ብክነት ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ሲያደርግ ዓመቱ ጨመረ፤ ልማዱ ግን አልተነካም። እኔም የዚያ ልማድ ፍሬ ሆኜ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በአንድ ዓመት ወጥቼ፣ ቀይዋን ላም ይዤ ክፍል ገባሁ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ቆጠራ ምንድን ነው?

በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን መወድስ ተቀኝ አይባልም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ይወጣና ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይሰማል። መምህሩ በዕለቱ የራሱን ቅኔ ይዘርፋል፤ ምሥጢሩንም በአማርኛ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ብቻውን ወደ ዱሩ ወይም ወደ ወንዙ ዳር ይወጣል። ደበሎውን ተከናንቦ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ነገሩን በልቡ ያወጣል ያወርዳል፤ ቃሉን ይመዝናል፤ ቤቱን ይመታል። ቆጠራ ማለት ይህ ነው። ሲመለስ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው በቃሉ ይነግራል፤ የጎደለው ይሞላለታል፤ የጎበጠው ይቃናለታል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

እስቲ ልብ እንበል። ግዕዝ ለዚያ ልጅ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። በገበያም፣ በእርሻም፣ በምድጃ ዳርም የሚናገረው ሰው የለም። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ እንደ እንግሊዝኛ ተማሪው ሁሉ በሰው አፍ በማይሰማው ቋንቋ የራሱን አዲስ ሐሳብ እንዲደርስ የሚጠበቅበት ልጅ ነው። አባቶቻችን ይህን ከባድ ሥራ ለልጅ ሲሰጡ አምስት ነገሮች አሰናዱለት፦ ትንሽ መነሻ፣ የሚታይ አርአያ፣ በአፍ መፍቻው የሚሰጥ ማብራሪያ፣ የማሰቢያ ጊዜና ቦታ፣ ቀርቦ የሚያቃና ሰው። ያ ልጅ ወደ እኔ ክፍል ሲመጣ ከአምስቱ አንዱን፣ አርአያውን ብቻ አገኘ። እርሱንም ድገመው ተባለ። በመጣበት ቤት ነውር የነበረው በእኔ ቤት አሥር ከአሥር ያሰጥ ነበር።

ብዙ ዘግይቶ በእጄ ከገቡት ጽሑፎች እንደተረዳሁት፣ ፈረንጆቹም ወደዚህ መደምደሚያ የደረሱት በቅርብ ጊዜ ነው። ጃኔት ኤሚግ የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው ጥናት የተጠናቀቀውን ድርሰት መመርመር ትታ ስምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲጽፉ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተለች። ዶናልድ ግሬቭዝ በ1983 ትንንሽ ልጆች ርእሳቸውን ራሳቸው ሲመርጡና መምህሩ እየቀረበ ሲያነጋግራቸው የሚሆነውን ጻፈ። ቤራይተርና ስካርዳማሊያ ደግሞ በ1987 ሕፃናት ሲጽፉ እንደማያቅዱ፣ የመጣላቸውን ቀጥሎ ከመጣላቸው ጋር እያስከተሉ እስኪያልቅባቸው እንደሚሄዱ አሳዩ። ዕቅድ ከሕፃን አእምሮ በራሱ አይበቅልም፤ የሚያስተምረው ይፈልጋል።

ከዚያች የዕረፍት ሰዓት በኋላ ሳቄ አልወረደልኝም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ሰሌዳው ላይ ላም መጻፍ አቆምኩ። ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወደተረፉት ሁለት ባሕር ዛፎች ወጣሁና፣ «እስክሪብቶ አትያዙ። ዛሬ ከቤት እስከዚህ ስትመጡ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር አስቡ» አልኳቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ በአማርኛ እንዲነግር፣ ጎረቤቱም «ማን? የት? ምን ሆነ? ከዚያስ?» ብሎ እንዲጠይቀው አደረግሁ። ወደ ክፍል ስንገባ በደብተራቸው ዳር አራት ወይም አምስት ቃላት ብቻ ጻፉ፤ የሚያውቁትን በእንግሊዝኛ፣ የማያውቁትን በአማርኛ። የማያውቁትን እየጠየቁኝ ሰሌዳው ሞላ፦ ጭቃ፣ ሸክም፣ ተንሸራተተ፣ ጅራፍ። በመጽሐፋችን ውስጥ ከእነዚህ ብዙዎቹ አልነበሩም።

ከዚያ ለቃላቱ ቁጥር ሰጡ፤ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል ብለው። እዚህ ላይ ከቅኔ ቤት የምንለይበትን ነገር ማስተማር ነበረብኝ። በቅኔ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሰሚው እንዲቆፍር ይተዋል። በአማርኛም ቢሆን ዙሪያውን አዙረን ጉዳያችንን መጨረሻ ላይ ማምጣት ጨዋነት ነው። የእንግሊዝኛ አንቀጽ ግን ወርቁን ደጃፍ ላይ እንድናስቀምጥ ይፈልጋል። ስለዚህ «ወርቃችሁን አንደኛ አድርጉት» አልኳቸው፤ ገባቸው። ለዓረፍተ ነገሩም «መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምኑን» የሚል መንገድ አወጣን፤ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ይቀመጣልና ልጆቻችንን ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፋቸው ይህ ነው። ሌላው ትልቁ ፊደል ነው፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የሰው ስም በትልቅ ፊደል መጀመሩ ለእነርሱ ምክንያት የለሽ ትእዛዝ ነበር። በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ አርም ነበር፤ በቀን አሥራ አራት ልጅ ያህል እያነጋገርኩ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉንም እደርሳለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን በሰማያዊ ለወጥኩ።

ውጤቱ ተአምር አልነበረም። ድርሰቶቹ ሦስትና አራት ዓረፍተ ነገር ነበሩ፤ የቃላቱ አጻጻፍ የተዛባ ነበር። ከክፍሉ ሩቡ ያህል ደግሞ በአማርኛም ደህና አድርጎ መጻፍ እንደማይችል ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ በራሱ ቋንቋ ያልጻፈ ልጅ በሰው ቋንቋ ሊጽፍ አይችልምና ለእነርሱ መንገዱ ሌላ ሆነ። በሚኒስትሪ ፈተናም የእኔ ክፍል ከሌላው የተለየ ውጤት አላመጣም፤ ፈተናው ይህን አይጠይቅም ነበርና። ነገር ግን ስልሳ ሰባት ወረቀት ስሰበስብ ስልሳ ሰባት የተለያየ ነገር አነበብኩ። አንዲት ልጅ ከትምህርት በፊት ውኃ እንደምትቀዳ፣ እንስራው ቀዳዳ እንዳለው ጽፋ በመጨረሻ፣ «ማይ ባክ ኢዝ ዌት» ብላ ነበር። ጀርባዬ እርጥብ ነው ማለቷ ነው። ለብዙ ወራት ከፊት ለፊቴ ስትቀመጥ ጀርባዋ እርጥብ መሆኑን አላየሁም ነበር። ከአራት የእንግሊዝኛ ቃል ተማርኩት።

ስልሳ ሰባት ወረቀት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ያ ልጅ አልነበረም። ከሳቃችን በኋላ አንድ ሳምንት ያህል መጣና ቀረ። ወደ ቅኔ ቤቱ ተመለሰ የሚሉ ነበሩ፤ ወደ ባሕር ዳር ለሥራ ሄደ የሚሉም ነበሩ። የቀረው በእኔ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም መማል አልችልም። ከአሥር ሁለት የሰጠሁት ወረቀት ግን በዚያ ክፍል እስከዚያ ቀን ከተጻፉት ሁሉ ብቸኛው ድርሰት እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። የፈራውን ነገር መርጦ፣ አስቦበት፣ ፍርሃቱን አስቀድሞ በትሩን አስከትሎ፣ ድሉን መጨረሻ ላይ አኑሮ ጽፎት ነበር። ዕቅድ ነበረው። ያጣው ሰዋስው ነበር፤ ሰዋስው ደግሞ እኔ እንድሰጠው የተቀጠርኩበት ነገር ነው።

ይህን የምታነብቡ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ነገ ክፍል ስትገቡ ስለ ዘዴና ስለ መርሐ ግብር ብዙ ይነገራችሁ ይሆናል። እኔ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ከመጻፋቸው በፊት አሥር ደቂቃ ስጧቸው። ከዛፍ ሥር ይሁን፣ ዛፍ ከሌለም ከግድግዳ ሥር። ለዚያም ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ በአጋጣሚ እጁ ከገባ፣ ያን ጊዜ ያልመለስኩለትን መልስ ልመልስለት፦ አዎን ወንድሜ፣ ቆጠራ ሊኖር ይገባ ነበር።